ለእረፍት ወደ ጮቄ

ቢቸና ወይም ሞጣ የምትኖሩ ተማሪዎች፣ የተራራ ሽርሽር ካማራችሁ የጮቄ ተራራ ቅርባችሁ ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 4,100 ሜትር ገደማ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀዘቅዝ፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ካለችው ቢቸና ጫፉ በ10 ዲግሪ ያህል ይበርዳል፤ ጋቢ እንዳትረሱ! ከ3,200 ሜትር በላይ ያለው እጅግ ብርዳማ የአየር ንብረት ክልል ውርጭ ይባላል።

የጮቄ ድንቅ ግን ጅብራ ነው። ከሰው ቁመት በላይ የሚያድገው ይህ ተክል ሌሊት ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ ለጋ እምቡጡን ከቅዝቃዜ ይከላከላል። ለብዙ ዓመታት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብብና ይደርቃል፤ እባካችሁ አትቁረጡት። አንድ ጅብራ ምረጡና የቅጠሎቹን ሥዕል ቀትር ላይ፣ ከዚያም ፀሐይ ሳትወጣ በማለዳ ሥላችሁ አወዳድሩ።