ስለ ጥምር ካታሊስትና በብርሃን ስለሚነጻ ውሃ

ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚወጣው ማቅለሚያ፥ ከሰው ገላ አልፎ ወደ ፍሳሽ የሚገባው መድኃኒትና ከማሳ በዝናብ የሚታጠበው ፀረ ተባይ፥ አሸዋ የማያስቀራቸው፥ ባክቴሪያም በቀላሉ የማይበላቸው በመሆናቸው፥ ጠቢባን እነዚህን ከውሃ አውጥቶ ሌላ ስፍራ ከመጣል ይልቅ እዚያው በውሃው ውስጥ አፈራርሶ ማጥፋትን ሲሹ ኖረዋል።

ለዚህም መንገድ በከፈተ ግኝት፥ እ.ኤ.አ. በ1972 አኪራ ፉጂሺማና ኬንኢቺ ሆንዳ የተባሉ ጃፓናውያን ሊቃውንት፥ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ከፕላቲኒየም ጋር በሽቦ ተያይዞ ብርሃን ሲያርፍበት ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን እንደሚለይ በጽሑፍ አስታወቁ። ብርሃኑ በዚህ ነጭ ማዕድን ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮን ከመንበሩ ተነሥቶ ወደ ላይኛው ማዕርግ ይወጣል፤ የለቀቀው ባዶ ስፍራም ከውሃ ኤሌክትሮን ነጥቆ፥ ሃይድሮክሲል ራዲካል የተባለውን፥ ዕድሜው ከቅጽበት ያነሰ፥ ያገኘውን ኦርጋኒክ ነገር የሚያፈርስ ኃይለኛ ንጥረ ነገር ያስገኛል፤ የፈረሰውም በካይ፥ ሥራው እስከ ፍጻሜ ከደረሰ፥ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ወደ መሆን ይመለሳል፥ ካታሊስቱ፥ ማለት ለውጡን የሚያፋጥነው ማዕድን፥ ግን ራሱ አያልቅም።

ሆኖም ይህ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ዱቄት ሁለት ድካም አለበት፤ የመጀመሪያው፥ አናቴዝ የተባለው ዓይነቱ የሞገድ ርዝመቱ ከ388 ናኖሜትር የማይበልጠውን አልትራቫዮሌት ጨረር ብቻ ስለሚቀበል፥ ከፀሐይ ብርሃን የሚጠቀምበት ከመቶ 5 እጅ ያህሉ መሆኑ ነው፤ ሁለተኛውም፥ የተነሣው ኤሌክትሮን ብዙውን ጊዜ ሥራውን ሳይፈጽም ወደ ቀድሞ ስፍራው ተመልሶ የተቀበለውን ኃይል በሙቀት ማባከኑ ነው።

ጥምር ካታሊስት የተወጠነው እነዚህን ድካሞች ለመሙላት ነው። ለምሳሌ ዩሪያን ወይም ሜላሚንን እስከ 550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በማጋል የሚገኘው ቢጫ ካርቦን ናይትራይድ በዓይን የሚታየውን ሰማያዊ ብርሃን መቀበል ይችላል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ኤሌክትሮኑ ቶሎ ይመለስበታል። ከቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ጋር ሲጣመር፥ ሁለቱም ያለ ሚጠት በየባሕርያቸው ጸንተው ሳሉ፥ በሚነካኩበት ወሰን ላይ ኤሌክትሮኑ ከቢጫው ወደ ነጩ ይሻገራል፥ ባዶው ስፍራ በቢጫው ይቀራል፤ ኤሌክትሮኑ በመሻገሩ ከኃይሉ ጥቂት ቢያጣም፥ ሁለቱ ስለ ተለያዩ ለሥራ ፋታ ያገኛሉ። ማግኔት የሚስበው የብረት ኦክሳይድ ሲታከልበት ደግሞ ደቃቁን ዱቄት ከነጻው ውሃ መልሶ መሰብሰብ ይቻላል።

እንዲህ ያለውን ጥምረት የሚመረምር ሰው ግን ዓይኑን ብቻ ሊያምን አይገባውም። በቤተ ሙከራ የሚዘወተረው ሜቲሊን ብሉ የተባለው ማቅለሚያ፥ ቀለሙን የሚሰጠው የአቶሞቹ ትስስር ገና ሲቆረጥ ይደበዝዛል፥ ቁርጥራጩ ግን በውሃው ውስጥ ይኖራል፤ ሳይፈርስ በዱቄቱ ላይ ተለጥፎ የሚሰወርም አለ። ስለዚህ ጠንቃቃው መርማሪ ብርሃን ከማብራቱ አስቀድሞ ድብልቁን በጨለማ አማስሎ የሚለጠፈውን ይለካል፥ በመጨረሻም የቀረውን ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን ይመዝናል፤ የውሃ መጥራትና የውሃ መንጻት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና፥ የጥምሩ ካታሊስት ሙያ የሚፈረደው በሁለተኛው ነው።