በማኅበሩ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ሰርቨር
ለወገራ ደጋ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የወገራ ወረዳ ከተማ ናት። አካባቢው ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ድንች የሚመረትበት ደጋ ሲሆን የገበሬው ሥራ በክረምቱ ዝናብ የተወሰነ ነው። ዘር በጊዜው ካልተዘራ፣ ዩሪያም በወቅቱ ካልተጨመረ ያለፈውን ሳምንት መልሶ ማግኘት አይቻልም። ስለሆነም የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከባዱ ሥራ፣ ይኸውም ግብዓት መመዝገብና ማከፋፈል፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተጨናንቆ ይሠራል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የአባላት ዝርዝር፣ የማዳበሪያ ስሌትና የብድር ሂሳብ በኮምፒውተርና በስልክ መያዝ ጀምሯል። ይህ መልካም እርምጃ ነው። ነገር ግን መረጃው ሩቅ ቦታ ባለ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ በኢንተርኔት ብቻ የሚገኝ ከሆነ፣ መስመሩ ሲቋረጥ ሥራውም አብሮ ይቆማል። በሰኔ 2011 ዓ.ም. ኢንተርኔት በአገሪቱ ለቀናት ተቋርጦ ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ እንደገና ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቀርቷል። ሦስቱም የተከሠቱት በክረምት መግቢያና በክረምት ውስጥ፣ ገበሬው የማኅበሩን በር በሚያንኳኳበት ወቅት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። መገልገያውና መረጃው በማኅበሩ ቢሮ ባለ ኮምፒውተር ላይ ቢቀመጥ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ሥራው ይቀጥላል። በአንጻሩም መረጃውን የመጠበቅ ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ በማኅበሩ ላይ ይወድቃል። ሁለቱን አንድ ላይ ተቀብሎ መነሣት ይገባል።

ሰርቨር ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ሰርቨር ሲባል በትልቅ ሕንፃ ውስጥ የተደረደረ ልዩ መሣሪያ ይመስለዋል። ሰርቨር ግን ከሌሎች ኮምፒውተሮችና ስልኮች ጥያቄ ተቀብሎ ገጽ ወይም መረጃ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙ የተጫነበት ኮምፒውተርም በዚሁ ስም ይጠራል። ጠያቂው ደግሞ በየስልኩ ያለው ብራውዘር ነው። ድረ ገጽን የፈጠረው ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1990 መጨረሻ በስዊዘርላንድ በሚገኘው የሰርን የምርምር ማዕከል የመጀመሪያውን የድር ሰርቨር ያስነሣው በገዛ ጠረጴዛው ላይ በነበረ አንድ ኮምፒውተር ነው። ማንም ሰው ሳያውቅ እንዳያጠፋው የማስጠንቀቂያ ወረቀት ለጥፎበት ነበር። አንድ ላፕቶፕ ያለው ማኅበርም ይህንኑ ማድረግ ይችላል፤ ወረቀቱን መለጠፍም ጭምር።

በአገራችንም ተመሳሳይ አሠራር አለ። የጤና ሚኒስቴር ዲኤችአይኤስ 2 የተባለውን በብራውዘር የሚሠራ የመረጃ ሥርዓት ሲያስፋፋ፣ ኢንተርኔት አስተማማኝ ባልሆነባቸው ቦታዎች ሥርዓቱ በጤና ተቋሙ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ እንዲሠራና መረጃው በኋላ ወደ ማዕከል እንዲተላለፍ ተደርጓል። ለጤና ጣቢያ የሠራው መንገድ ለመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበርም የማይሠራበት ምክንያት የለም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

አንድ ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ፣ አንድ የዋይፋይ ራውተር፣ ሁለት ፍላሽና ሠራተኞቹ የያዟቸው ስልኮች ይበቃሉ። ራውተሩ ሲም ካርድም ሆነ የኢንተርኔት መስመር አያስፈልገውም፤ ሥራው በቢሮው ውስጥ ያሉትን መሣሪያዎች ማገናኘት ብቻ ነው። ነፃ የሆኑ የሰርቨር ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። ዛምፕ የሚባለው ጥቅል አፓቼ ሰርቨርን፣ ማሪያዲቢ የመረጃ ቋትንና ፒኤችፒን አንድ ላይ ይዟል። ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣው ቀላል ሰርቨር ደግሞ ገጾችን ለማሳየትና ለሙከራ ይጠቅማል፤ የአባላትን ሂሳብ ለመያዝ ግን የታሰበ ስላልሆነ ለዚያ አይመረጥም።

ሰርቨሩ ከተነሣ በኋላ በላፕቶፑ ላይ 127.0.0.1 የሚለው አድራሻ ሲጻፍ ገጹ ይከፈታል። ይህ አድራሻ ኮምፒውተሩ ራሱን የሚጠራበት ነው። ስልኮች የሚጠቀሙት ራውተሩ ለላፕቶፑ የሰጠውን አድራሻ ነው፤ ይኸውም ብዙ ጊዜ 192.168 ብሎ ይጀምራል። ራውተሩ ይህን ቁጥር በየጊዜው እንዳይለውጠው በራውተሩ ማስተካከያ ላይ አጽንቶ፣ በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ጥሩ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የሚያጋጥሙ ሦስት እንቅፋቶች አሉ። አንደኛ፣ ገጹ በላፕቶፑ ተከፍቶ በስልክ እምቢ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚከለክለው የኮምፒውተሩ ፋየርዎል ነው፤ ለቢሮው ኔትወርክ ብቻ መፍቀድ ይገባል። ሁለተኛ፣ ስልኩ ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም ብሎ ሲጠይቅ ባለበት ይቆይ የሚለውን መምረጥና የሞባይል ዳታውን ማጥፋት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ስልኩ ጥያቄውን ወደ ሌላ መስመር ይወስደዋል። ሦስተኛ፣ ብራውዘሮች የስልኩን የቦታ መጠቆሚያ የሚፈቅዱት በምስጢር ለተጠበቀ አድራሻ ነው። በመሆኑም በዚህ ዓይነት ተራ አድራሻ የተከፈተ ገጽ የማሳን ዙሪያ በጂፒኤስ መለካት አይችልም። ለዚያ ሥራ ኮቦ ኮሌክትን የመሰለ ስልክ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ተጠቅሞ የተገኘውን ስፋት ወደ ገጹ ማስገባት ይቻላል።

ምሳሌ፤ የማዳበሪያ ስሌት

የዚህን አሠራር ጥቅም በአንድ ምሳሌ እናሳይ። ቀደም ሲል በሄክታር 100 ኪሎ ግራም ዳፕና 100 ኪሎ ግራም ዩሪያ የሚለው ምክር በሰፊው ይሰጥ ነበር። ዳፕ 18 በመቶ ናይትሮጅንና 46 በመቶ ፎስፌት፣ ዩሪያ ደግሞ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስላላቸው ማሳው በሄክታር 64 ኪሎ ግራም ናይትሮጅንና 46 ኪሎ ግራም ፎስፌት ያገኛል። በዳፕ ምትክ የመጣው ኤንፒኤስ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌትና 7 በመቶ ሰልፈር የያዘ ነው። ያንኑ ያህል ፎስፌት ለመስጠት 121 ኪሎ ግራም ኤንፒኤስ ያስፈልጋል። ከዚህ ውስጥ 23 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ስለሚገኝ፣ ለቀሪው 41 ኪሎ ግራም የሚያስፈልገው ዩሪያ 89 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ግማሽ ሄክታር ላለው ገበሬ 60 ኪሎ ግራም ተኩል ኤንፒኤስና 44 ኪሎ ግራም ተኩል ዩሪያ ይሆናል ማለት ነው።

ይህን ስሌት በወረፋ ፊት በእጅ መሥራት ያደክማል፤ ያሳስታልም። በገጹ ላይ ግን የማሳው ስፋት ሲገባ መልሱ ወዲያው ይወጣል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ለውጥ ሲመጣ ይታያል። ለሰብሉና ለአፈሩ የሚሰጠው ምክር ቢሻሻል በሰርቨሩ ላይ አንድ ቁጥር ይለወጣል፤ ገጹን እንደገና የከፈተ ስልክ ሁሉ በአዲሱ ቁጥር ይሠራል። በየስልኩ የተጫነ ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱን ስልክ እየሰበሰቡ ማደስ ያስፈልግ ነበር። ከላይ ያሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የቀረቡ ስለሆኑ፣ ለሥራ የሚውለው ለየአካባቢው የወጣው ምክር መሆኑን እናሳስባለን።

መገልገያውን ስለ ማዘጋጀት

አዲስ ገጽ የሚጀመረው ከኮምፒውተሩ ሳይሆን ከመዝገቡ ነው። ግምጃ ቤት ጠባቂው የሚጠቀምበትን የወረቀት ቅጽ ወስዶ፣ ዓምዶቹን በቅደም ተከተላቸው ወደ ገጹ ማዛወር ይበቃል። ከዚያ ውጭ የሚጨመር ጥያቄ ሁሉ ሥራ ያዘገያል።

ከሌላ ቦታ የተወሰዱ ገጾች ፊደላቸውንና የጃቫስክሪፕት ፋይሎቻቸውን ከኢንተርኔት የሚጠሩ ይሆናሉ። መስመር እያለ በደንብ ሲሠሩ ቆይተው ሲቋረጥ ባዶ ይሆናሉ። ስለዚህ የሚያስፈልገው ፋይል ሁሉ በራሱ በሰርቨሩ ፎልደር ውስጥ መቀመጥ አለበት። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የኢንተርኔቱን መስመር ነቅሎ፣ ገጹን ከፍቶ ከዚህ በፊት ባልተጠቀመ ስልክ ላይ ማየት ነው።

የስም አጻጻፍ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። አንዱ ዓለሙ ብሎ የመዘገበውን ሌላው አለሙ ብሎ ይፈልገዋል፤ ፀሐይና ጸሀይም ለሰው አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። ገበሬው ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ መጥቶ ስምዎ የለም ተብሎ ያለ ማዳበሪያ ቢመለስ ጥፋቱ የፊደል ነው፤ ጉዳቱ ግን የማሳ ነው። መፍትሔው ስሙን እንደተጻፈ አስቀምጦ፣ ፍለጋው ሀን፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን ከነዘሮቻቸው፣ እንዲሁም የእነ ሀንና የእነ አን ግእዝና ራብዕ (እንደ አና ዓ ያሉትን) እንደ አንድ እንዲቆጥር ማድረግ ነው። ተመሳሳይ ስም ያላቸው አባላት ስለማይጠፉም የአያት ስም፣ ቀበሌና የአባልነት ቁጥር አብረው መታየት አለባቸው።

ቀንን በተመለከተ፣ ብራውዘሩ ራሱ የሚያቀርበው የቀን መምረጫ በአብዛኛው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት በሦስት ሳጥን ቢሞሉ ይሻላል። ወሮቹ አሥራ ሦስት መሆናቸው፣ ጳጉሜንም በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ 6 ቀን መሆኗ መዘንጋት የለበትም። የመሬት ስፋትም በሄክታር ብቻ ይመዝገብ፤ ጥማድ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ለሂሳብ አይመችም።

ማሻሻያ ሲያስፈልግ በሚሠራው ሰርቨር ላይ በቀጥታ መነካካት አይገባም። ሌላ ቅጂ ይዞ፣ በሌላ ኮምፒውተር ወይም በሌላ ፎልደር አስተካክሎ፣ ካለፈው ዓመት መዝገብ አሥር ያህል ገበሬዎችን አስገብቶ ውጤቱን ከወረቀቱ ጋር ማስተያየት ነው። ሲገጥም ብቻ ወደ ሥራ ይግባ። የቀድሞው ቅጂ ቀን ተጽፎበት ይቀመጥ። ሰፊ ማሻሻያ የሚደረገው በበጋ ነው፤ በሰኔ የሚደረግ ለውጥ አስገዳጅ ሲሆን ብቻ ነው።

መብራት፣ ቅጂና ምስጢር

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፤ ራውተሩ ግን ወዲያው ይጠፋል። ስለሆነም ራውተሩን በአነስተኛ ዩፒኤስ፣ ወይም ቮልቴጁ የሚስማማ ከሆነ በፀሐይ ኃይል በሚሞላ ባትሪ ማሠራት ያስፈልጋል። የሚፈልገው ቮልት በጀርባው ወይም በቻርጀሩ ላይ ስለሚጻፍ ሳያነቡ ማገናኘት ክልክል ነው።

ቅጂ በየቀኑ ማታ ይወሰዳል። ፕሮግራሙ እየጻፈ ሳለ የመረጃ ቋቱን ፋይል መገልበጥ የተበላሸ ቅጂ ሊሰጥ ስለሚችል፣ በመጀመሪያ ሰርቨሩ ይቆም፤ ወይም የመረጃ ቋቱ የራሱ የቅጂ ማውጫ ትእዛዝ ይሠራበት። ሁለቱ ፍላሾች በየተራ ያገልግሉ፤ አንዱ ሁልጊዜ ከቢሮው ውጭ በሊቀ መንበሩ ወይም በሂሳብ ሹሙ ዘንድ ይቀመጥ። ቢሮው ቢዘረፍ ወይም ቢቃጠል የማኅበሩ መዝገብ የሚተርፈው በዚህ ብቻ ነው። ቅጂው የሚከፈት መሆኑም በወር አንድ ጊዜ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሞከር። ያልተሞከረ ቅጂ እንደ ቅጂ አይቆጠርም።

የአባላት የመሬት ስፋትና ዕዳ የተጻፈበት መረጃ ለማንም መታየት የለበትም። ዋይፋዩ ጠንካራ የይለፍ ቃል ይኑረው፤ እያንዳንዱ ሠራተኛም በራሱ ስም ይግባ። ማን ምን እንዳስገባ መታወቁ ክርክር ሲነሣ ሠራተኛውንም ገበሬውንም ይጠብቃል።

የወረቀቱ መዝገብ ቦታ

ሰርቨር ስለተተከለ ደረሰኝና መዝገብ ይቅር ማለት አይደለም። ገበሬው የፈረመበት ወረቀት የማኅበሩ ማስረጃ ነው። በየቀኑ የተከፋፈለው ዝርዝር ማታ ታትሞ ወይም በእጅ ተገልብጦ በሁለት ሰው ይፈረም። ላፕቶፑ በመሐል ቢበላሽ ሥራው በማግስቱ ከዚያ ወረቀት ይቀጥላል።

ይህን ለመጀመር ያሰበ ማኅበር በመጀመሪያው ዓመት አንድ ገጽ ብቻ፣ ለምሳሌ የማዳበሪያ ስሌቱን፣ ቢያነሣ ይመረጣል። በሁለተኛው የአባላት ዝርዝር፣ በሦስተኛው የብድር ሂሳብ ይከተላል። የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም ከማኅበሩ መካከል ሁለት ወጣቶችን መርጠው ሰርቨሩን ማስነሣትን፣ ማቆምንና ቅጂ ማውጣትን እንዲያሠለጥኑ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሰርቨር ያ ሰው በታመመ ወይም በተዛወረ ቀን ይቆማል። ሥልጠናው ከግንቦት በፊት ቢጠናቀቅ ሰኔ ሲገባ ሁሉም በቦታው ዝግጁ ይሆናል።