የበሬ ሕመም ኪሳራ ጎተራ ውስጥ ነው

ሰኔ አጋማሽ ላይ አንድ በሬ አፍተግር ቢይዘው ብዙውን ጊዜ አይሞትም። አፉና ሰኮናው ይቆስላል፣ ያነክሳል፣ መኖ ይቀንሳል፤ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ያገግማል። በእንስሳት ጤና መዝገብ ላይ ይህ ቀላል ሕመም ነው። ለገበሬው ግን ሌላ ነው። የጤፍ ማሳ ዘር ከማግኘቱ በፊት ሦስት አራት ጊዜ መታረስ አለበት፤ ዝናቡ ደግሞ በሬው እስኪድን አይጠብቅም። አንድ እርሻ ከተዘለለ አረሙ ይበረታል፣ ዘሩ ከዘገየ ክረምቱ ሲወጣ ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል። ጤነኛው በሬም ቢሆን ያለ ጓደኛው አይጠመድምና ሥራ ይፈታል።

የአራሽ በሬ ሕመም ዋናው ኪሳራ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሥጋውና ወተቱ ላይ ስንፈልገው ትንሽ መስሎ ይታየናል፤ ታኅሣሥ ላይ አውድማው ሲወቃ ግን ይገለጣል።

በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ ሰብልና ከብት ተቀላቅለው በሚገኙባቸው አካባቢዎች አፍተግር የገባበት ቤተሰብ በአማካይ 76 ዶላር ያህል እንደሚያጣ አስልቷል። ስሌቱ የወተት፣ የእርሻ ጉልበትና የሞት ጉዳትን ይዟል። ለባለ ሁለት በሬ ገበሬ ይህ ገንዘብ የማዳበሪያና የዘር ወጪውን የሚነካ ነው።

የገንዲ ነገር ደግሞ ይብሳል። በቆላ ዝንብ የሚተላለፈው ይህ በሽታ ደም ያሳንሳል፤ በሬው ቆሞ ይሄዳል እንጂ ጉልበት የለውም፣ ጥቂት ትልም ከሄደ በኋላ ይደክማል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት በምሥራቅ አፍሪካ ገንዲን መቆጣጠር በ20 ዓመት ውስጥ ለከብት ባለቤቶች እስከ 2.5 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ጥቅም ሊያስገኝ እንደሚችል ገምቷል። ከፍተኛው ጥቅም የሚገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም የከብታችን ብዛትና የምናርሰው በበሬ መሆኑ ነው። እዚህ ዝንቡን መከላከል ጤፍና በቆሎ መጨመር ማለት ነው።

ታሪካችንም ይህን በከባዱ አሳይቶናል። በክፉ ቀን፣ ከ1888 እስከ 1892 እ.ኤ.አ.፣ የከብት ደስታ በሽታ ከብቱን ሲፈጀው ድርቁ ተጨምሮበት መሬቱ ጦሙን አደረ፤ ሕዝቡም በረኃብ አለቀ። ያ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው።

ጥናት ሁሉ ግን ማሳ ላይ አይደርስም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል በአንድ በሬ የሚጎተት ማረሻ አዘጋጅቶ ነበር። አንድ በሬ ብቻ ላለው ገበሬ የታሰበ ቅን ሐሳብ ነው፤ ሆኖም አልተስፋፋም። ገበሬው ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ በተራ ማረሱን መረጠ። እኔ ከዚህ የምረዳው የጎደለው መሣሪያ አለመሆኑን ነው። የመቀናጆ ድክመቱ ሌላ ቦታ ነው፦ አንዱ በሬ ሲታመም ሁለት ቤተሰብ ከእርሻ ይቀራል።

በሆለታ ላሞችን በበሬ ፋንታ ለማሳረስ የተደረገ ሙከራም ይታወሳል። የተዳቀሉ የወተት ላሞች ማረስ እንደሚችሉ ታየ፤ ነገር ግን ተጨማሪ መኖ ያላገኙት እርግዝናቸው ዘገየ። ጉልበት ከባዶ ሆድ አይወጣም፤ የእኛ በሬ ደግሞ ቀንበር የሚሸከመው በጋው ጭዱን ጨርሶ፣ ከስቶ ባለበት ወር ነው።

ስለዚህ የበጀት ጥያቄዬ ይህ ነው። የአፍተግር ክትባት ቢሾፍቱ ይመረታል። ወረዳው የሚከተብበትን ጊዜ የሚወስነው መጓጓዣና አበል ሲገኝ ከሆነ፣ ክትባቱ እርሻው ካለፈ በኋላ ሊደርስ ይችላል። ከእርሻ በፊት፣ ሚያዝያ ላይ፣ ለአራሽ በሬዎች ቅድሚያ ይሰጥ። የወጪው ጥቅም ሲሰላም በሥጋና በወተት ዋጋ ብቻ አይመዘን፤ በወረዳው ሪፖርት ላይ በሕመም ምክንያት ሳይታረስ የቀረ ቀን የሚመዘገብበት አንድ ዓምድ ይጨመር፣ ቁጥሩም ለሰብል ልማት ክፍሉ ይድረስ።