ርጥበት የገባውን ክፍል ለጥገና ማዘጋጀት

በአዲስ አበባና በሌሎች ደጋማ ከተሞች ክረምቱ ሲበረታ መሬቱ ውሃ ይጠግባል። በዚህ ጊዜ መሠረታቸው ርጥበት መከላከያ ያልተደረገላቸው ቤቶች ግድግዳቸው ከሥር ወደ ላይ መራስ ይጀምራል። ድንጋይ፣ ጡብና ልስን በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሏቸው። የኩራዝ ክር ላምባውን ወደ ላይ እንደሚስብ ሁሉ፣ ግድግዳውም በእነዚህ ቀዳዳዎች የመሬቱን ውሃ ይስባል። ርጥበቱ ብዙውን ጊዜ ከወለሉ እስከ 1 ሜትር ድረስ ይወጣል። ውሃው ሲተን በውስጡ የነበረው ጨው እንደ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይቀራል፤ ቀለሙ ይላጣል፤ ልስኑም ይረግፋል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ጉዳት ቁም ሳጥን በማስጠጋት ወይም አዲስ ቀለም በመቀባት ሊሸፍኑት ይሞክራሉ። ይሁን እንጂ ነፋስ ያጣ ርጥብ ግድግዳ ሻጋታ ያበቅላል። ሻጋታውም ልብስና መጻሕፍትን ከማበላሸቱ በላይ፣ በተለይ ለሕፃናትና አስም ላለባቸው ሰዎች የጤና ጠንቅ ይሆናል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የርጥበቱን ምንጭ ማወቅ ያስፈልጋል። እድፉ ከኮርኒሱ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ መታየት ያለበት ጣሪያው ነው፤ ከወለሉ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ግን መሠረቱ መጠገን አለበት። ለዚህም ልስኑ ከርጥበቱ ምልክት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይፈነቀላል። ይህ ሥራ ብዙ አቧራ ስለሚያስነሣ፣ ዕቃ የሞላበት ክፍል አስቀድሞ መሰናዳት ይገባዋል።

ዝግጅቱ በቅደም ተከተል ይፈጸማል። በመጀመሪያ፣ ሥራው ዝናብ በሚያቆምበት በበጋ ወራት እንዲጀመር ይታቀዳል። ሁለተኛ፣ መጋረጃ፣ ፍራሽ፣ ልብስና መጻሕፍት ከክፍሉ ይወጣሉ፤ የሻገተው ከደረቁ ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሦስተኛ፣ በበር የማያልፉ ከባድ ዕቃዎች በክፍሉ መካከል ተሰብስበው ላስቲክ ይለብሳሉ፤ ለሠራተኛው መንቀሳቀሻም ከግድግዳው 1 ሜትር ያህል ይተዋል። ዕቃው ራሱ ርጥብ ከሆነ ግን ሳይደርቅ በላስቲክ መጠቅለል የለበትም። አራተኛ፣ የወለሉ ምንጣፍ ይጠቀለላል፤ በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀትና የተሰቀለው ሥዕል ይነሣል። በመጨረሻም ኤሌክትሪኩ ከቆጣሪው ይጠፋል፤ ሶኬቶቹንም ባለሙያ ይፈታቸዋል። ኤሌክትሪክ ባለበት ርጥብ ግድግዳ ላይ መዶሻ ማሳረፍ ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላልና።

ሌላ ማደሪያ የሌለው ቤተሰብ ግድግዳዎቹን በየተራ ማስጠገን ይችላል። ሆኖም ልስኑ በሚፈነቀልበት ሰዓት ሕፃናትና ሕመምተኞች በክፍሉ ውስጥ መቆየት የለባቸውም። ሠራተኛውም አፍንጫውንና አፉን ሊሸፍን፣ በሩንና መስኮቱን ሊከፍት ይገባል።

ልስኑ ከተፈነቀለና መሠረቱ ከተጠገነ በኋላ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ወፍራም ግድግዳ እስኪደርቅ ድረስ ሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ወራት ይፈጃል። ዕቃውን ለመመለስ በመቸኮል ርጥቡን ግድግዳ መለሰንና መቀባት፣ ገንዘቡንም ድካሙንም ከንቱ ያደርጋል። ዕቃው በሚመለስበት ጊዜ ነፋስ እንዲዘዋወር ከግድግዳው አንድ ጋት ያህል ይራቅ። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ የግድግዳ ርጥበትም ቤቱን ሳይጎዳ፣ የነዋሪውንም ጤና ሳያውክ በጊዜው ሊታገዱት የሚገባ ነገር ነው።