ለኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የሚሆን የቤት ቻርጀር አመራረጥ

(በሬዲዮ ከተነገረው)



አያቶቻችን በበቅሎ ይጓዙ በነበረበት ዘመን አንድ ሰው በቅሎ ከመግዛቱ አስቀድሞ በግቢው ጋጥ መኖሩንና ሣርና ገብስ የሚያገኝ መሆኑን ያስብ ነበር። በቅሎይቱ ቀን ትሠራለች፤ ሌሊት በጌታዋ ቤት ትቀለባለች። ከዚያ በኋላ አውቶሞቢል መጣና ቀለቡ ከቤት ውጭ ሆነ። ባለ መኪናው ወደ ማደያ ሄዶ ይቀዳል እንጂ በቤቱ ቤንዚን አያከማችም። አሁን ደግሞ ነገሩ ወደ ቀድሞው ልማድ ተመልሷል፤ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል እንደ በቅሎ በቤት የሚቀለብ ነውና።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር ከተነገረ ወዲህ፥ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ማየት የተለመደ ሆኗል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይሁን እንጂ ኃይሉ ከዓባይ ተነሥቶ እስከ ቤታችን ቆጣሪ ቢደርስም፥ ከቆጣሪው እስከ መኪናው ያለውን ጥቂት ሜትር መንገድ የሚያሰናዳው ባለቤቱ ራሱ ነው። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ አጭር መንገድ ይሆናል።

ይህን ጉዳይ የመረጥንበት ምክንያት አለን። ይህ ተናጋሪ በሚኖርበት ሠፈር አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ለብዙ ዓመት ባጠራቀመው ገንዘብ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ገዛ። ከመኪናው ጋር የተሰጠውን ቻርጀር ሳሎን ካለው ሶኬት ጋር በማራዘሚያ ገመድ አገናኝቶ ሌሊቱን ሙሉ ይሞላ ጀመር። በአራተኛው ሌሊት ሴት ልጁ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ ብላ ቀሰቀሰችው። ሶኬቱ ጠቁሮ ቀልጦ ነበር፤ መጋረጃው ከሶኬቱ አንድ ክንድ ያህል እንኳ አይርቅም ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፥ የተጎዳ ሰው የለም። በማግሥቱ ጎረቤታችን ችግሩ የቻርጀሩ መስሎት ከፍ ያለ ኃይል የሚሰጥ ሌላ ቻርጀር ሊገዛ ተነሣ። የመጣው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ግን፥ «ቻርጀርዎ ጤነኛ ነው፤ የታመመው የቤትዎ ሽቦ ነው» አለው። በዛሬው ጽሑፋችን ለማስረዳት የምንፈልገው ቁም ነገር በዚህ አነጋገር ውስጥ ተጠቃሎ ይገኛል።

ለመሆኑ ቻርጀር ምንድን ነው? ብዙ ሰው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሣጥን ባትሪውን የሚሞላ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ወደ ቤታችን የሚመጣው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 50 ጊዜ እየተመላለሰ የሚፈስ ነው። ባትሪ ግን የሚቀበለው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈሰውን ነው። ተመላላሹን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚለውጠው መሣሪያ በመኪናው ውስጥ ተገጥሞ ይገኛል። የግድግዳው ሣጥን እንደ በር ዘበኛ ነው፤ መኪናው በትክክል መያያዙንና የመሬት ሽቦው መኖሩን ይመረምራል፤ ለመኪናው «ከዚህ አምፔር በላይ አትውሰድ» ብሎ ወሰኑን ይነግረዋል፤ ሁሉ ደኅና ሲሆን በሩን ይከፍታል፤ ጉድለት ሲያይ ይዘጋል። በየመንገዱ የሚገኙት ፈጣን መሙያዎች ግን ለዋጩን መሣሪያ በራሳቸው ውስጥ ስለ ያዙ የቤቱ ቻርጀር ከእነርሱ ጋር ሊወዳደር አይችልም።

ከዚህም የሚከተለው ትምህርት ይህ ነው። በመኪናው ውስጥ ያለው ለዋጭ መሣሪያ 7 ኪሎዋት ብቻ የሚቀበል ከሆነ፥ ባለ 22 ኪሎዋት ቻርጀር ቢሰቀልለትም ከ7 ኪሎዋት አይበልጥም። የተረፈው ከንቱ ወጪ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የመኪናውን መጽሐፍ ገልጦ በቤት ኤሌክትሪክ ሲሞላ ስንት ኪሎዋት እንደሚቀበል መመልከት ይገባል።

ኪሎዋት የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን ረቂቅ ስለ ሆነ፥ በየቤታችን በሚገኝ ዕቃ እንመዝነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። እንጀራ በሚጋገርበት ጊዜ የሳሎኑ አምፖል ደብዘዝ እንደሚል ሁላችንም አይተናል። ባለ 16 አምፔር ቻርጀር 3.5 ኪሎዋት ያህል ስለሚወስድ አንድ ምጣድ ማለት ነው። ባለ 32 አምፔር የሆነው 7 ኪሎዋት ይወስዳል፤ ሁለት ምጣድ ባንድ ጊዜ እንደ መጣድ ነው። ልዩነቱ ግን ምጣዱ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ለጥቂት ሰዓት ሲሠራ፥ ቻርጀሩ በየሌሊቱ ያለ ዕረፍት ለብዙ ሰዓት መሥራቱ ነው። ለምጣድ የቻለ ሽቦ ለመኪናም ይችላል ብሎ መደምደም ስሕተት የሚሆነው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ቻርጀር ለመግዛት ያሰበ ሰው የሚከተሉትን ነገሮች በተራ ቢመረምር ይጠቀማል።

አንደኛ፥ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚጓዝ ይወቅ። ከቤቱ ወደ መሥሪያ ቤቱ፥ ልጆቹንም ወደ ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመለስ ሰው በቀን 40 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። መካከለኛ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ለ100 ኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 18 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። እንዲህ ከሆነ የቀኑ ቀለብ፥ በመሙላት ጊዜ የሚባክነው ሲታከልበት፥ 8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ያህል ለመሙላት በ10 አምፔር አራት ሰዓት ያህል፥ በ16 አምፔር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል፥ በ32 አምፔር ደግሞ አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ገብቶ ከጧቱ 1 ሰዓት ለሚወጣ ሠራተኛ ሦስቱም ያደርሱታል። በቅሎ በየሌሊቱ የሚበቃትን ያህል ትቀለባለች እንጂ የወሩን ገብስ ባንድ ሌሊት አትበላም። ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ባዶውን ሆኖ ባንድ ሌሊት እንዲሞላለት የሚፈልግ፥ ማለትም ዘወትር ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ግን ባለ 32 አምፔሩ ያስፈልገዋል፤ በእርሱ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ሰዓት ይፈጃል።

ሁለተኛ፥ የቤቱን ሽቦ ያስመርምር። ሽቦ ኃይል ሲያሳልፍ ይሞቃል፤ የሚያልፈው አምፔር እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከሁሉ ይልቅ የሚሞቀው የላላ ማያያዣ ነው። የጎረቤታችን ሶኬት የቀለጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለቻርጀሩ ከብሬከሩ ሣጥን ተነሥቶ ሌላ ዕቃ የማይጋራው የራሱ መስመር ይዘርጋለት። ለባለ 16 አምፔር ከ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ያላነሰ፥ ርቀቱ የበዛ እንደ ሆነ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ፤ ለባለ 32 አምፔር ከ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ያላነሰ፥ ርቀቱ የበዛ እንደ ሆነ 10 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ይሁን። የራሱ ብሬከርም ይኑረው። ብሬከር ሲወድቅ በከፍተኛ አምፔር ብሬከር መተካት፥ ዘበኛው ጮኸ ብሎ ዘበኛውን እንደ ማሰናበት ነው፤ እሳቱ በሽቦው ውስጥ ይቀጥላልና። ማራዘሚያ ገመድ ደግሞ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም።

ባለ 11 ወይም ባለ 22 ኪሎዋት ቻርጀር የሚሠራው ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ባለበት ቤት ነው። አብዛኛው መኖሪያ ቤት ባለ አንድ ፌዝ ስለ ሆነ፥ ሻጩ «ትልቁን ይውሰዱ» ባለ ጊዜ አስቀድሞ የራስን ቆጣሪ ማየት ይበጃል። የቤቱ መስመር የተፈቀደለት ኃይል የማይበቃ ሆኖ ከተገኘ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ማመልከት እንጂ ከውጭ ያለውን መስመር በራስ ሥልጣን መነካካት አይገባም።

ሦስተኛ፥ የመሬት ሽቦ። ክቡራን አንባብያን፥ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ቢሆን ይህን አስታውሱ። የመሬት ሽቦ ማለት፥ ኤሌክትሪክ ከመንገዱ ወጥቶ የዕቃውን አካል ቢነካ በሰው ገላ ላይ ሳያልፍ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ነው። በብዙ አሮጌ ቤቶች ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ቢኖረውም ከኋላው የመሬት ሽቦ የለም። ጥሩ ቻርጀር ይህን ሲያገኝ ቀይ መብራት አሳይቶ አልሞላም ይላል። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ልምድ አለኝ ባይ የመሬቱን ሽቦ ኒውትራል ከሚባለው የመመለሻ ሽቦ ጋር በሶኬቱ ውስጥ አገናኝቶ ቻርጀሩን ያታልለዋል። ቻርጀሩ ይታለላል፤ ኤሌክትሪክ ግን አይታለልም። ከሶኬቱ በስተኋላ የመመለሻው ሽቦ አንድ ቀን የተበጠሰ እንደ ሆነ፥ 220 ቮልቱ በመኪናው ብረት ላይ ይቆማል። መኪናው በጎማ ላይ ስለ ቆመ ዝም ብሎ ይታያል። በዝናብ ማግሥት በባዶ እግሩ ከግቢው የወጣ ሕፃን የመኪናውን በር ሲነካ ግን መንገዱ በእርሱ በኩል ይከፈታል።

መድኃኒቱ ግልጽ ነው። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ዘንግ እርጥበት ባለው መሬት ውስጥ በጥልቀት ተተክሎ፥ ባለሙያ በመሣሪያ ይለካው። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ የመሬቱ መንገድ ስለሚጠብ በበጋም ደግሞ ቢለካ መልካም ነው። በዚህ ላይ ባለ 30 ሚሊ አምፔር የፍሳሽ ብሬከር ይጨመር። ይህ ብሬከር የሚሄደውንና የሚመለሰውን ኃይል እንደ ሒሳብ ሹም ያመዛዝናል፤ ገቢና ወጪው ካልተካከለ፥ የጎደለው በሰው ገላ በኩል ይፈስ ይሆናልና ወዲያው ይቆርጣል። የመኪና ባትሪ ባለበት ዘንድ በአንድ አቅጣጫ የሚፈሰውም ሊያፈስስ ስለሚችል፥ ቻርጀሩ ይህንንም የሚቆጣጠር ከ6 ሚሊ አምፔር ጀምሮ የሚቆርጥ ጠባቂ ያለው መሆኑን ሻጩን መጠየቅ ይገባል።

አራተኛ፥ የመሰኪያው ዓይነት። ወደ አገራችን ከሚገቡት አውቶሞቢሎች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ በመሆናቸው ጂቢ ቲ የሚባለውን የቻይና መሰኪያ ይይዛሉ። ለአውሮፓ ደረጃ የተሠሩት ደግሞ ታይፕ ቱ የሚባለው አላቸው። ሁለቱ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ባለ ሰባት ጣት ናቸው። ነገር ግን በአንዱ ጣት የሆነው በሌላው ቀዳዳ ስለ ሆነ አይገጥሙም። የአውቶሞቢሉ ስም የታወቀ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ አንድ ዓይነት ስም ያለው መኪና በሁለቱም ደረጃ ሊሠራ ይችላልና። የመኪናውን አፍ ከፍቶ ማየት፥ ቢቻልም ፎቶግራፉን ይዞ ወደ ሱቅ መሄድ ይሻላል።

አምስተኛ፥ የአገሩን ጠባይ ያስቡ። ቻርጀሩ ከቤት ውጭ የሚሰቀል ከሆነ የክረምቱን ዝናብና የበጋውን አቧራ የሚከላከል፥ አይ ፒ 54 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ምልክት ያለው ይሁን። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰው ሳይቀሰቅሰው በራሱ ሥራውን የሚቀጥል መሆኑን ይጠይቁ፤ አለዚያ ሌሊት 7 ሰዓት መብራት ቢጠፋ ጧት የሚጠብቅዎ ያልተሞላ መኪና ነው። አምፔሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉበት፥ የሚጀምርበትንም ሰዓት የሚወስኑበት ቢሆን እጅግ ይጠቅማል። ምጣዱና ምድጃው በሚሠራበት በምሽት ትተው፥ ሠፈሩ ከተኛ በኋላ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ጀምሮ እንዲሞላ ማድረግ ለራስም ለጎረቤትም ደግ ነው።

ጎረቤትን ካነሣን ዘንድ አንድ የመጨረሻ ነገር እንጨምር። በብዙ ግቢ ሁለትና ሦስት ቤተ ሰብ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በወር 200 ኪሎዋት ሰዓት ያህል በቆጣሪው ላይ ይጨምራል። የቤት ኤሌክትሪክ ታሪፍ ደግሞ በደረጃ የተከፈለ ሆኖ ፍጆታው ከፍ ሲል የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ከፍ ይላል። እንግዲህ ባለ መኪናው የራሱን 200 ብቻ ቢከፍል እንኳ፥ አንድ አምፖልና አንድ ምድጃ ያላት የጓሮዋ ተከራይ በከፍተኛው ደረጃ ዋጋ ልትከፍል ነው። ስለዚህ መኪናው ከመግባቱ በፊት የራስን ቆጣሪ ማስገባት፥ ይህ እስኪሆንም ለቻርጀሩ መስመር መለኪያ አድርጎ ሒሳቡን በግልጽ መካፈል፥ ልዩነቱንም ባለ መኪናው መቻል ይገባዋል። በጋራ ሕንፃ የሚኖርም ሰው ገመዱን በመስኮት ከማውረዱ በፊት ከነዋሪዎቹ ማኅበር ጋር ይነጋገር።

ጎረቤታችን በመጨረሻ ትልቁን ቻርጀር አልገዛም። ለእርሱ ባሰበው ገንዘብ አዲስ መስመር አስዘረጋ፤ የመሬት ዘንግ አስተከለ፤ የፍሳሽ ብሬከር አስገጠመ። መኪናው ዛሬም በዚያው በፊተኛው ትንሽ ቻርጀር ይሞላል፤ ጧትም ሙሉ ሆኖ ይገኛል። ሴት ልጁም እንቅልፏን ትተኛለች። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ሱቅ ከመሄዳችን በፊት ባለሙያ ጠርተን ቤታችንን እናስመርምር።