ድሬዳዋን ከለገሃር እስከ ቀፊራ

የኢትዮጵያ ታሪካዊ መናገሻዎች ሲነሡ አክሱም፣ ላሊበላና ጎንደር ይቀድማሉ። ድሬዳዋን የቆረቆራት ግን የምድር ባቡር ኩባንያ ስለሆነ፣ ጎብኚ ከአብያተ መንግሥትና ከግንብ ይልቅ የከተማዋን አሰፋፈር ልብ ብሎ ቢያይ ይበልጥ ይጠቀማል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በመጀመሪያ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር፤ ይሁን እንጂ ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ሥራውን አስቸጋሪና ውድ ስላደረገው፣ መስመሩ ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ እንዲያልፍ ተወሰነ፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከዚያ ሲደርስም አዲሱ ሰፈር «አዲስ ሐረር» ተባለ። ስያሜው አልጸናም፤ ንግዱ ግን ከነባሪቱ ሐረር ወደ ቆላው ወረደ። ኩባንያው ከስሮ በሌላ እስኪተካ ድረስ ድሬዳዋ ለዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ሆና ስለቆየች፣ ነጋዴው በግመልና በበቅሎ ያመጣውን ቡናና ቆዳ የሚያራግፈው እዚሁ ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ጉብኝቱን ከለገሃር፣ ማለትም ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ፣ መጀመር ይበጃል። ከጣቢያው አጠገብ ያለው የጥገና ሥፍራ የከተማዋ እውነተኛ ሙዚየም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በሐዲዶቹ መካከል 1 ሜትር ብቻ ስፋት ባለው በዚህ መስመር ይሠሩ የነበሩ ባቡሮች የሚጠገኑት በዚህ ነበርና። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ስለተሠራ፣ በባቡር የሚመጣ እንግዳ ይህን አሮጌ ጣቢያ ሳያይ ሊያልፍ ይችላል።

ከጣቢያው ፊት ለፊት የሚዘረጋው የከዚራ ሰፈር በፈረንሳውያን መሐንዲሶች ተለክቶ የተሠራ በመሆኑ፣ መንገዶቹ ቀጥ ያሉና ዛፍ ያጠላባቸው ናቸው። ደቻቱ የተባለውን፣ በበጋ የአሸዋ መንገድ የሚመስለውን ወንዝ ሲሻገሩ ግን መልኩ ይለወጣል፤ የመጋላ ሰፈር ጠባብና ጥምዝምዝ ያለ ሲሆን፣ በዚያው ያለው የቀፊራ ገበያ በቅስት በሮቹ ይታወቃል። ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት በድንገት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን መግደሉን የሚያስታውስ ጎብኚ ደረቁን ወንዝ አይንቀውም።

የሰው ኑሮ በዚህ አካባቢ ከባቡሩ እጅግ ይቀድማል። ከከተማዋ አጠገብ ካለው ከፖርክ ኤፒክ ዋሻ ተመራማሪዎች 40 ኪሎ ግራም ገደማ ቀይና ቢጫ የማዕድን ቀለም ያወጡ ሲሆን፣ ዕድሜው ወደ 40,000 ዓመት ይገመታል። ወደ ዋሻው የሚያወጣው አቀበት በቀትር ፀሐይ ስለሚከብድ በማለዳ መነሣት ይመረጣል፤ በከተማዋም ቢሆን ብዙ ሱቆች በቀትር ስለሚዘጉ ገበያውን ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ማየት ይሻላል።