ገበር በደቻቱ ዳር

ቤት ውስጥ የተሰፋ ቦርሳ ቀድሞ የሚያረጀው ከውስጡ ነው። ቁልፍና ሳንቲም ገበሩን ይበሱታል፣ ጨርቁ ይተረተራል፣ የተተረተረው ክር ዚፑ ውስጥ እየገባ ያስቸግራል። የውጪው ጂንስ ገና አዲስ ሳለ ቦርሳው ይጣላል። እንዲያም ሆኖ ገንዘቡ የሚወጣው ለውጪው ነው፤ ለገበር ከቤት የተገኘ ቁራጭ ይበቃል ይባላል። ድሬዳዋን በመሰለ የጨርቅ ከተማ ይህ ልማድ ያስቆጫል።

የጅቡቲው ባቡር እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከተማዋ በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ግራና ቀኝ ከዚራና መጋላ የሚባሉ ሰፈሮች ሆና አደገች። በ1896 ዓ.ም. አሜሪካዊው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ በዚሁ ባቡር መጥቶ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሲያቀና፣ አገሩ ልትጠብቀው ከፈለገችው ገበያ ዋነኛው የጥጥ ጨርቅ፣ ማለትም አቡጀዲ ነበር። ኋላ ከተማዋ የራሷን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አገኘች።

ለዕለት ቦርሳ ዛሬም ከአቡጀዲ የሚሻል ገበር አላየሁም። ሽመናው ቀጥ ያለ ነው፣ ከመኪናው እግር ሥር አይንሸራተትም፣ ካውያ አይፈራም። ጥጥ ግን በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል። ሳይታጠብ የተሰፋ ገበር በኋላ ውጪውን እየጎተተ ያጨማድደዋል፤ ስለዚህ ከመቆረጡ በፊት ተዘፍዝፎ፣ ደርቆ፣ መተኮስ አለበት። ነጭነቱ የሚያስጠላው ሰው ሽርጥ ይሞክር። የጥጥ ሽርጥ በመጋላ ሱቆች አይጠፋም፤ ካሬው ደግሞ ለመቁረጫ መስመር ያገለግላል። ቀለሙ እንዳይለቅ እርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽቶ ማየት ነው።

ሳቲን ያምራል፣ ያታልላልም። ይንሸራተታል፣ ጠርዙ ይተረተራል፣ ጥፍር ይይዘዋል። ለሠርግ ቦርሳ ይሁን፤ ደብተር ለሚሸከም ቦርሳ አልመክረውም። ፖሊስተር ብዙም አይሰበሰብም፣ ቶሎ ይደርቃል፤ ካውያው ከጋለ ግን ይቀልጣል። የእጅ ሥራ ሸማን ለገበር ማዋል ደግሞ ብክነት ነው፤ ሽመናው ላላ ያለ ስለሆነ ቁልፍ ቶሎ ይቀደዋል።

እርጥብ ነገር ለሚይዝ ቦርሳ ነገሩ ይለያል። የምሳ ዕቃ፣ ከቀፊራ ገበያ የተገዛ አትክልት፣ ውኃ የተረጨበት ጫት ጥጥ ውስጥ ቢገባ ጨርቁ ውኃውን ይጠጣል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ሽታው ለመምጣት ጊዜ አይፈጅበትም። እዚህ ላይ የጃንጥላ ጨርቅ ቦታውን ያገኛል። የተሰበረ ጃንጥላ ጨርቁ ደህና ከሆነ አንድ ትንሽ ቦርሳ ይገብራል። መርፌ የበሳው ቀዳዳ ግን አይደፈንም፤ ተፈትቶ የሚሰፋ ነገር አይደለም። ሲሰፋም ከስፒል ይልቅ በልብስ መቆንጠጫ መያዝ ይሻላል።

ቀለሙን በተመለከተ ፈዛዛውን እመርጣለሁ። ጥቁር ገበር አቧራ ይሸሽጋል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ቁልፉንም አብሮ ይሸሽጋል። ገበሩ ከውጪው በጥቂት ሚሊ ሜትር አነስ ብሎ ቢቆረጥ ውስጥ አይከመርም። ኪስ የሚሰፋበት ቦታ ከጀርባው ሁለተኛ ቁራጭ አቡጀዲ ይደረብለት፤ አለበለዚያ መጀመሪያ የሚቀደደው የኪሱ ማዕዘን ነው።